ስንት ነው? መቼ ነው? ቦታ አለ? የአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ድረ ገጽ እንዴት እንደተስተካከለ

ይህን ጉዳይ የመዘገብኩት ለሁለት ወገኖች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው፤ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች እና ድረ ገጽ ለሚያሠሩ አነስተኛ የትምህርት ተቋማት። ማዕከሉን፣ ባለቤቶቹንና ወላጆቹን በስም አልጠራም። ሥራው የተካሄደው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው የትምህርት ዓመት ያየሁትንም ጨምሬያለሁ።

ማዕከሉና ጊዜው

ማዕከሉ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍሎች ተከራይቶ ይሠራል። ያቋቋሙት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ሒሳብ፣ እሷ ፊዚክስ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ቅዳሜና እሑድ፣ በሥራ ቀናትም ከትምህርት ቤት መልስ ያስጠናሉ። ክረምት ላይ የሁለት ወር ትምህርት አላቸው። ስድስት የትርፍ ሰዓት መምህራንና አንዲት ጸሐፊ አብረዋቸው ይሠራሉ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ወላጅ ደነገጠ። ባለቤቶቹ እንደሚሉት የማጠናከሪያ ትምህርት ፈላጊው በግልጽ የጨመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ፈላጊው ሲበዛ ስልኩም በዛ። በምዝገባ ሰሞን ጸሐፊዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ስታነሣ ትውላለች፤ ፊት ለፊቷ ወላጅ ቆሞ እየጠበቀም ስልኩ ይጮኻል። ባለቤቶቹ የጠሩኝ «ድረ ገጽ አለን፣ ግን ማንም አይጠቀምበትም፤ አሳምርልን» ብለው ነበር።

የነበረው ድረ ገጽ

የቀድሞው ድረ ገጽ የተሠራው ከተዘጋጀ የውጭ አገር ንድፍ ነው። ሲከፈት አምስት ትልልቅ ፎቶዎች እየተፈራረቁ ይንሸራተታሉ። አንዱም የማዕከሉ አልነበረም፤ በሌላ አገር ግቢ ውስጥ የምረቃ ቆብ የሚወረውሩ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ 11 ሜጋባይት ይመዝናል። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ቆጥራ የምትገዛ እናት አንድ ጊዜ ከፍታው የምትከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ከፎቶዎቹ በታች «ራዕያችን»፣ «ተልዕኳችን»፣ «እሴቶቻችን» ተከታትለው ይመጣሉ። ማውጫው «ስለ እኛ»፣ «አገልግሎቶቻችን»፣ «ማዕከለ ሥዕል»፣ «ያግኙን» ይላል። ዋጋ የትም አልተጻፈም። የትምህርት ሰዓቱ ተጽፎ ነበር፤ ግን ለማንበብ እጅግ ያስቸግራል። ጸሐፊዋ መርሐ ግብሩን ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የቆየ ሥሪት ጽፋው ስለነበር፣ ወደ ድረ ገጹ ሲገለበጥ ፊደሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው በወረቀት አትሞ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ሰቀለው። በስልክ ስክሪን ላይ ያ ፎቶ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል፤ ቢያጎሉትም ይደበዝዛል። በፎቶ ውስጥ የታሰረ ጽሑፍን በፍለጋ ማግኘትም፣ ገልብጦ ለሌላ ሰው መላክም አይቻልም።

የጸሐፊዋ ደብተር

ሥራዬን የጀመርኩት ከኮምፒውተር ፊት አልነበረም፤ ለሦስት ቀናት ጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ደብተር አሳየችኝ። የደወለውን ሰው ስልክ፣ የልጁን ክፍል እና የጠየቀውን ጥያቄ ለራሷ ማስታወሻ ብላ ለሁለት ዓመት ያህል በእስክሪብቶ ስትጽፍ ኖራለች። ባለቤቶቹ መኖሩን ያውቃሉ፤ ገልጠው አንብበውት ግን አያውቁም።

ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ደግመው ደጋግመው ይመጣሉ። ስንት ነው? መቼ ነው? ለዚህ ክፍል ቦታ አለ? ወዴት ነው የምመጣው? ከእነዚህ አራቱ ያልሆነ ጥያቄ ለማግኘት ገጽ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ስለ ራዕይና ስለ ተልዕኮ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከተሰበሰበው መረጃ ሁሉ ትልቁ ይህ ደብተር ነው፤ ያለ አንድ ብር ወጪ የተገኘ ነው።

ለባለቤቶቹ አራቱን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፌ አቀረብኩና «ድረ ገጹ እነዚህን ከመለሰ ሥራውን ሠርቷል» አልኳቸው። ሦስቱን ወዲያው ተቀበሉ። ዋጋ መጻፉን ግን አልተቀበሉም። ባልየው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ የሚፈራው ተወዳዳሪ ማዕከላትን ነው፤ «ዋጋችንን አይተው አምስት ብር ቀንሰው ይወስዱብናል» አለኝ። ፍርሃቱን አላጣጣልኩም። ጸሐፊዋን ግን «አንድ ሰው ደውሎ ዋጋ ሲጠይቅሽ ትነግሪያለሽ?» አልኳት። «ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ» አለች። ተወዳዳሪው መደወል እንደሚችል፣ ዋጋው የተሸሸገው ለመደወል ካፈረ ወላጅ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። በመጨረሻ ሚስቱ፣ የፊዚክስ መምህርቷ፣ ወሰነች፤ «ወላጅ ኪሱን ሳያውቅ ደረጃ ወጥቶ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ይጻፍ» አለች።

አምስት ሰዎች በገዛ ስልካቸው

አዲሱን ንድፍ ከመሥራቴ በፊት አሮጌውን በሰው ፈተንኩት። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በጥቂት ሰው፣ አምስት ያህል በቂ ነው፣ በመፈተን አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር ማግኘት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። እኛም አምስት ሰው ጠራን፦ ጨርቅ የሚሸጡ እናት፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ጡረተኛ አባት፣ የታክሲ ሹፌር የሆነ አባት፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እና የእህቷን ልጅ ክፍያ ከሪያድ የምትልክ አክስት። አክስቲቱን በቪዲዮ ጥሪ ነው ያገኘኋት።

ለሁሉም የሰጠሁት ሥራ አንድ ነው፤ «ለ9ኛ ክፍል ልጅ የሒሳብ ትምህርት ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚሰጥ በራስዎ ስልክ ያግኙልኝ»። ከዚያ ዝም ብዬ ማየት። ዝም ማለቱ ከሥራው ሁሉ ከበደኝ፤ የሚቸገር ሰው እያዩ አለመርዳት ለእኛ ባህል ነውር ነው። መምህሩ ለመጀመሪያዋ ተፈታኝ አጠገብ ቆሞ «እዚያ ላይ ነው እኮ፣ ወደ ታች!» ሲል ከክፍሉ እንዲወጣ በትሕትና ለመንኩት።

ነጋዴዋ እናት «አገልግሎቶቻችን» የሚለውን ካዩ በኋላ ጣታቸው ቆመ። «አገልግሎት ማለት ምንድን ነው? እኔ የምፈልገው ክፍል ነው» አሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የማውጫውን ቃላት ቀየረች። ጡረተኛው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው ጠርገው «ዓይኔ ነው» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ጥፋቱ ግራጫ በነጭ ላይ የተጻፈው ደቂቅ ፊደል ነበር። ሹፌሩ ፎቶዎቹ እስኪከፈቱ አልጠበቀም፤ ስልኩን አጥፎ «እደውላለሁ» አለ። ተማሪዋ ድረ ገጹን ትታ ቴሌግራም ከፈተችና የማዕከሉን ቻናል ፈለገች። ሪያድ ያለችው አክስት ብቻ እስከ መጨረሻው ታገለች፤ ምክንያቷንም ነገረችኝ። በሥራ ሰዓት መደወል አትችልም፤ ስልክ የሚፈቀድላት ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማዕከሉ ዝግ ነው። ድረ ገጹ ለሌሎቹ ከብዙ በሮች አንዱ ነው። ለእሷ ሌላ በር አልነበራትም።

ቅጹ

ብዙ ጊዜ የወሰደብን፣ ብዙም ያስተማረን የመመዝገቢያ ቅጹ ነው። ለሌላ አገር ሰው የተሠራ ቅጽ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ከስም እንጀምር። ቅጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዳንዱ ወላጅ የአባት ስም ጻፈ፣ ሌላው የአያት፣ ሌላው «የቤተሰብ» የሚለውን አይቶ የራሱን ስም አስገባ። ችግሩ በዚህ አላበቃም። ንድፉ ሁለት ተማሪዎች አንድ የቤተሰብ ስም ካላቸው እንደ እህትና ወንድም ቆጥሮ ቅናሽ ያሰላል። የሁለቱም አባት ስም ተስፋዬ የሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ልጆች የወንድማማቾች ቅናሽ ተያዘላቸው። ልጇን ያስመዘገበች እናት ደግሞ የእሷ የአባት ስም ከልጇ የአባት ስም ስለሚለይ የልጇ ወላጅ ሆና አልተያያዘችም። አሁን ቅጹ የተማሪውን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለየብቻ ይጠይቃል። ቤተሰብን የሚያገናኘው የወላጅ ስልክ ቁጥር ነው።

ስልክ ቁጥሩም የራሱ ጉድለት ነበረው። ቅጹ የሚቀበለው በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ ነው፤ ሲሠራ የነበረው ያ ብቻ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ወላጅ ጥቂት አይደለም። ቅጹ ለእነዚህ ሰዎች ቁጥራችሁ ስህተት ነው ይላቸዋል፤ የሚለውም በእንግሊዝኛ ነው። አሁን 09ንም፣ 07ንም፣ በ251 የሚጀምረውንም፣ በመሃል ክፍተት ያለበትንም ይቀበላል። ለአክስቲቱ ሲባል የውጭ አገር ቁጥርም ይገባል። ኢሜይል ግዴታ የነበረ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አወጣነው፤ ከወላጆቹ ብዙዎቹ ኢሜይል የላቸውም፣ ያላቸውም ስልክ ሲገዙ የተከፈተላቸውን ኢሜይል አያነቡትም።

ቀን ደግሞ ሌላ ነው። የድረ ገጽ ቅጾች ይዘውት የሚመጡት የቀን መምረጫ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። 2000 ዓ.ም. የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ ወላጁ 2000 ብሎ ሲያስገባለት በመዝገቡ ላይ የ24 ዓመት ሰው ሆነ። መጀመሪያ ያሰብኩት ኢትዮጵያዊ የቀን መምረጫ መሥራት ነበር። አሥራ ሦስቱንም ወሮች፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 የምትሆነውን ጳጉሜንንም አካትቼ ጀመርኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ጸሐፊዋ «የልደት ቀኑን ለምን እንፈልገዋለን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለማዕከሉ የሚያስፈልገው ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ብቻ ነው። ጥያቄውን ሰረዝነው። ከአንድ ጥያቄ በፊት «መልሱን ምን እናደርግበታለን?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ልማዳችን ሆነ፤ 19 የነበሩት መስኮች ወደ 6 ወረዱ።

የሰዓቱ ጉዳይ ልጆችን አጉላልቷል። የድሮው ገጽ የቅዳሜውን ትምህርት በውጭ አቆጣጠር «8:00 – 10:00» ብሎት ነበር። ትምህርቱ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት መጥተው የተዘጋ በር ያንኳኩ ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የመጣ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰዓት «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ሳይቀድመው አይጻፍም፤ ዕለቱም ከነስሙ ይጻፋል፦ «ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡00 እስከ 4፡00»። ምዝገባ የሚጀመርበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጻፍና ከሥሩ በትንሹ የእ.ኤ.አ. ቀን ይከተላል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 የሚለውን ውጭ ያለ ዘመድ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 መሆኑን ሳያሰላ እንዲያገኘው።

ፊደሉና ክብደቱ

የግዕዝ ፊደል ከ300 በላይ ምልክቶች አሉት። ስለዚህ የፊደል ፋይሉ ከላቲኑ በብዙ ይከብዳል። የአንድሮይድ ስልኮች ለእኛ ፊደል ኖቶ የተባለውን ቅርጽ ይዘው ስለሚመጡ ሌላ አላስጫንም፤ ስልኩ ባለው እንዲያሳይ ተውነው። ውበቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ግን ይጨምራል፤ እኔ ፍጥነቱን መረጥኩ።

የፊደሉን መጠን ከ14 ወደ 18 ፒክስል አሳደግነው፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ርቀት አሰፋነው። ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ፀ»ን ከ«ፅ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ፊደሉ ሲደቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ነች። ንድፉ አጽንዖት ለመስጠት ፊደልን ያጋድም ነበር። የተጋደመ የግዕዝ ፊደል የተሰበረ ይመስላል፤ ስለዚህ ማጋደሙን አስቀርተን በማድመቅ ብቻ ተጠቀምን። የጽሑፉን ቀለም አጠቆርነው፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንጽጽር እንዲኖር ይጠይቃል፣ የድሮው ግራጫ ከዚያ በታች ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ጸሐፊዋ እንደ ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለቴ ሁለት ነጥብ በመጫን ነበር የምትጽፈው። በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ ግማሹ በመስመሩ መጨረሻ፣ ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወድቃል። ትክክለኛውን ነጥብ ከስልኳ የፊደል ገበታ አሳየኋት፤ የቆዩትን ጽሑፎች በአንድ ትእዛዝ አስተካከልኩ።

ተንሸራታቹ ፎቶ ወጣ። በምትኩ ሁለት ፎቶ ብቻ ገባ፤ አንዱ የሕንፃው በር፣ ሌላው ደረጃው። ፎቶዎቹን ያነሣሁት በስልክ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ክብደት ከ11 ሜጋባይት ወደ 300 ኪሎባይት ገደማ ወረደ።

አድራሻ

ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን በቂ አልነበረም። ጸሐፊዋ በስልክ የምትሰጠውን ማብራሪያ ቀርጸን እንዳለ ጻፍነው፦ ከየትኛው ታክሲ መውረድ፣ የትኛውን ፋርማሲ በቀኝ ትቶ መግባት፣ ስንት ደረጃ መውጣት። ለሁለት ዓመት ስትናገረው የኖረችው ስለሆነ ትርፍ ቃል የለበትም። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑንና አሳንሰር አለመኖሩንም በግልጽ ጻፍን፤ ለጡረተኛው አባትና እንደ እሳቸው ላሉት ይህ ከመነሳታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

ክፍያ

ባለቤቶቹ በድረ ገጹ ላይ በቀጥታ መክፈል እንዲቻል ፈልገው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ለአራት ክፍል ማዕከል የሚያስከትለውን የስምምነት፣ የአገልግሎት ክፍያና የጥገና ሥራ ስንዘረዝር ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው። ወላጆች አስቀድሞም በቴሌብርና በባንክ የስልክ መተግበሪያ መክፈል ለምደዋል። የጎደላቸው የሒሳብ ቁጥሩን ሳይሳሳቱ መገልበጥና መክፈላቸውን ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «ቅዳ» የሚል ቁልፍ አደረግን፣ የሒሳቡን ባለቤት ሙሉ ስም ጻፍን፣ ከዚያ ውጭ በሌላ ስም እንዳይከፍሉም አስጠነቀቅን።

የደረሰኝ ፎቶ ማስገቢያ ሠርቼ ነበር። አልሠራም። ፎቶው ይከብዳል፣ መሃል ላይ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ወላጁ ገብቶ ይሁን አይሁን አያውቅም። ከአንድ ወር በኋላ ወላጁ የግብይት ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፍ ቀየርነው፤ ጸሐፊዋ ከባንኩ ዝርዝር ጋር ታመሳክራለች። ወዲያውኑም «ቁጥርዎ ደርሶናል፤ እስከ ነገ ማታ እናረጋግጥልዎታለን» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጨመሩ በፊት «ገብቷል ወይ?» የሚለው ጥሪ ከክፍያ በኋላ ይበዛ ነበር።

የልጆቹ ፎቶ

በዚህ ላይ ከባለቤቶቹ ጋር በጣም ተከራከርኩ። የድሮው ገጽ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን ፎቶ፣ ሙሉ ስምና ነጥብ ለጥፎ ነበር። ለማዕከሉ ኩራትም ማስታወቂያም ነው። አንዲት እናት ልጄን ሳትጠይቁኝ ለምን አወጣችሁ ብላ ቅሬታ ማቅረቧን ከደብተሩ አነበብኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም በዚያው ዓመት ነበር። ሕጉ ባይኖርም አቋሜ አይለወጥም፤ የአንድ ልጅ ፊት፣ ስምና ውጤት የማስታወቂያ ዕቃ አይደለም። ገጹ ወረደ። በምትኩ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ የሰጡ ሦስት ወላጆች ስለ ማዕከሉ የጻፉትን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አወጣን። መምህሩ ቅር ብሎት ነበር፤ ቅሬታው ሙሉ በሙሉ የለቀቀው አይመስለኝም።

ያልሠሩ ነገሮች

ከደረሰኙ ሌላ ሦስት ነገሮች ከሸፉ። የመጀመሪያው የቀጥታ መልእክት ሳጥን ነው። ወላጆች የሚጽፉት ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፣ በዚያ ሰዓት የሚመልስ የለም። መልስ ያጣ ሰው ስልክ ካልተነሣለት ሰው የበለጠ ይከፋዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አወጣነው።

ሁለተኛው የእንግሊዝኛው ቅጂ ነው። ባለቤቶቹ ክብር ይሰጠናል ብለው አጥብቀው ጠይቀውኝ ሁሉንም ገጽ በሁለት ቋንቋ ሠራሁ። በጥር ዋጋ ሲጨምር የአማርኛው ተስተካከለ፣ የእንግሊዝኛው ተረሳ። አንድ አባት የድሮውን ዋጋ በስልኩ ይዞ መጣ። ማዕከሉ በተጻፈው ዋጋ አስተናገደው፤ ትክክልም አደረገ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ተወሰነ፣ ዋጋም የለበትም። በዚህ መሃል ደብተሩ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚጠይቁ ወላጆች ተደጋግመው መጠቀሳቸውን አስተዋልኩ። ከመምህራኑ አንዱ ቋንቋው ስለሆነ የዋጋና የሰዓት ገጹን አዘጋጀ፣ የሚከታተለውም እሱ ነው። የሚንከባከበው ሰው ያለው ቋንቋ ነው መጨመር ያለበት።

ሦስተኛው የእኔ ስህተት ነው። ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ የሚገባ መስሎኝ ዋናውን መረጃ እዚያ ላይ አከማቸሁ። አብዛኛው ወላጅ ግን የሚመጣው ሌላ ወላጅ በቴሌግራም ከላከለት ማስፈንጠሪያ በቀጥታ ወደ አንድ ክፍል ገጽ ነው። የ10ኛ ክፍልን ገጽ የከፈተ ሰው ስልክ ቁጥሩንና አድራሻውን እዚያው አያገኝም ነበር። በኅዳር እያንዳንዱ የክፍል ገጽ ለብቻው የተሟላ እንዲሆን አደረግሁት፦ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ቦታ መኖሩ፣ ስልክ፣ አድራሻ። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ የ11ኛ ክፍሏ ተማሪ በፈተናው ቀን ቴሌግራም ስትከፍት ዓይኔ እያየ ነው ያለፍኩት።

ወደ ሌላ ማዕከል የሚሻገረው

የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ያለው ሰው ከዚህ ምን ሊወስድ ይችላል? ከሁሉ በፊት ስልክ የሚያነሣውን ሰው ያዳምጥ። ደብተር ከሌለ ለሁለት ሳምንት ያስጽፍ። የድረ ገጹ ማውጫ ከዚያ ይወጣል፣ ቃላቱም ጭምር፤ የእኛ አዲሱ ማውጫ «ክፍሎችና ዋጋ»፣ «የትምህርት ሰዓት»፣ «ለመመዝገብ»፣ «እንዴት እንደሚመጡ» የሚል ነው፣ አራቱም ወላጆች በስልክ ከተናገሩት የተወሰዱ ናቸው። ራዕይና ተልዕኮው አልጠፋም፣ በመጨረሻው ገጽ በሁለት አንቀጽ ተቀምጧል።

የተዘጋጀ ንድፍ መግዛት ጥፋት የለውም፤ አነስተኛ ተቋም ሌላ አቅም ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ከመክፈቱ በፊት ስም፣ ስልክ፣ ቀንና ሰዓት የሚጠይቅባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በራሱ ቤተሰብ መረጃ ይሙላቸው። የእኛ ንድፍ የተሰናከለው እነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ነበር። ፈተናውም በአሮጌ ስልክ፣ በስልክ ዳታ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሁን። ቢሮ ውስጥ በዋይፋይና በትልቅ ስክሪን ያማረ ገጽ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሌላ ነው።

ከተከፈተ በኋላ

በ2017 ዓ.ም. የምዝገባ ሰሞን ስልኩ አልቆመም፤ ይዘቱ ግን ተለወጠ። ዋጋና ሰዓት የሚጠይቁ ጥሪዎች በጣም ቀነሱ። የሚደውሉት ገጹን አይተው፣ ወስነው፣ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነው። ጸሐፊዋ ፊት ለፊቷ ላለው ወላጅ ቀና ብላ መልስ መስጠት ችላለች።

«ቦታ አለ» ወይም «ሞልቷል» የሚለውን ጽሑፍ በየምሽቱ ከስልኳ የምትቀይረው እሷ ነች። መጀመሪያ ላይ ይህን መብት ለባለቤቶቹ ብቻ ሰጥቼ ነበር፤ በሥራ ብዛት ለሦስት ቀን ሳይነኩት ስለቀሩ የሞላ ክፍል ክፍት ሆኖ ቆየ፣ ሁለት ወላጆችም ከፍለው ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። ኃላፊነቱ ወደ እሷ ሲዛወር ደመወዟ ላይም ጭማሪ እንዲደረግ ለባለቤቶቹ ነግሬያቸው ተስማምተዋል።

ደብተሩን መጻፍ አላቆመችም። ባለፈው ሰኔ አብረን ስንከፍተው አዲስ ጥያቄ ገጾቹን እየሞላ ነበር፦ «የሚያስተምረው ማን ነው?» አሁን የምንሠራው የመምህራኑን ገጽ ነው። እያንዳንዱ መምህር የሚያስተምረውን ትምህርት፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረ እና ወላጅ በየትኛው ቀን መጥቶ ሊያነጋግረው እንደሚችል በራሱ ቃል እየጻፈ ነው። ከስምንቱ አምስቱ አስረክበዋል።